“የአድራሻ ትርጉም” ትርጉም ነውን?
በአንድ የድምፅ መገናኛ መሣሪያ መመሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ለቋንቋ አስተያየት የቀረበ አንድ ረቂቅ መመሪያ ነው። ረቂቁ የሬዲዮ ዘጋቢዎች ከስቱዲዮ ውጭ ሆነው ድምፃቸውን በኢንተርኔት መስመር ወደ ስቱዲዮ የሚልኩበትን መሣሪያ፣ በሙያው አነጋገር የድምፅ ኮዴክ የሚባለውን፣ እንዴት አስተካክለው ለሥራ እንደሚያዘጋጁት የሚያስረዳ ሲሆን፣ በመጨረሻው የቃላት ዝርዝር ተያይዞበታል። የአዘጋጁን ስም መጥቀሱ ለጉዳያችን የሚጨምረው ነገር ባለመኖሩ ታልፏል። በዝርዝሩ ውስጥ የሚታዩት ስያሜዎችም ቢሆኑ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደሉም፤ ከኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የአማርኛ ቅጂዎች፣ ከማሠልጠኛ ጽሑፎችና ከባለሙያዎች የዕለት ተዕለት አነጋገር የተለቀሙ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው ሒስ ረቂቁን በምሳሌነት ይዞ የአሰያየም ልማዳችንን የሚመለከት ነው።

ረቂቁ የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ትእዛዞቹ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ ለአንድ ነገር ሁለት ስያሜ የመስጠት ልማድ አይታይበትም። ችግሩ የሚጀምረው “የአውታረ መረብ አድራሻ ትርጉም” የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደረስ ነው። ይህ ምዕራፍ ለሒስ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ በሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ “ትርጉም” የራሳችን ሙያ ስም ነው። የራሳችንን ሙያ ስም ላልተገባው ነገር ሲሰጥ ዝም ብለን ካለፍን፣ የሌላውን ሙያ ቃል ለማረም ድፍረቱ ከየት ይመጣል?

2. ነገሩ ምንድን ነው?

ስያሜን ለመመዘን አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። በኢንተርኔት የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የተደነገገውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት አራተኛው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል አድራሻን በ32 ቢት ስለሚጽፍ፣ ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4,294,967,296 ናቸው። ይህ ቁጥር ለመሣሪያዎች ብዛት እንደማይበቃ በመታወቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አር-ኤፍ-ሲ 1631 በተባለ ሰነድ አንድ ዘዴ ቀረበ። ዘዴው ብዙ መሣሪያዎች በግቢያቸው ውስጥ ብቻ የሚታወቅ አድራሻ እየያዙ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ጥቂት አድራሻዎችን እየተጋሩ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አር-ኤፍ-ሲ 1918 ደግሞ ለግቢ ውስጥ አገልግሎት የተለዩትን አድራሻዎች ወሰነ። እነዚህም በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው።

አሠራሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአንድን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ክፍሎች ቢኖሩትም የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አንድ ነው። ከየክፍሉ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በመዝገብ ቤት ያልፋል። መዝገብ ቤቱ ለደብዳቤው የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከየትኛው ክፍል እንደ ወጣ በመዝገቡ ያሰፍራል፤ በፖስታው ላይም የመሥሪያ ቤቱን ሣጥን ቁጥር ይጽፍበታል። መልስ ሲመጣ “በቁጥር ይህን ያህል ለተጻፈው ደብዳቤ” የሚለውን አይቶ ለጠያቂው ክፍል ይመራዋል። ማንም ያልጠየቀውና ቁጥር ያልጠቀሰ ደብዳቤ ግን ለማን እንደሚመራ ስለማይታወቅ እዚያው ይቀራል።

በግቢው መውጫ ላይ ያለው ራውተር የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ከውስጥ የሚወጣው የመረጃ ጥቅል የያዘውን የላኪ አድራሻና የወደብ ቁጥር አንሥቶ በእነሱ ፈንታ የራሱን የውጭ አድራሻና ሌላ የወደብ ቁጥር ይጽፋል፤ ያደረገውንም ይመዘግባል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። የሚቀየረው በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው አይነካም። ሥራው የሚከናወነው በመዝገብ ነው፤ የውስጡን አድራሻ አይቶ የውጩን በስሌት ማግኘት አይቻልም። መዝገቡም የሚከፈተው ከውስጥ በሚወጣ መልእክት ሲሆን፣ መልእክቱ ከተቋረጠ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይዘጋል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ስያሜ ሦስቱንም ባይገልጽ እንኳ ሦስቱን የሚቃረን ሊሆን አይገባም።

3. ስያሜው የሚያስከትለው ጉዳት

የድምፅ ኮዴኮች የሚጠራሩት አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 በአር-ኤፍ-ሲ 3261 በተደነገገው ሲፕ በተባለው ፕሮቶኮል ነው፤ ድምፁ ራሱ ግን የሚጓዘው በሌላ መስመር፣ አር-ቲ-ፒ በተባለው ፕሮቶኮል ነው። የዘጋቢው መሣሪያ ስቱዲዮውን ሲጠራ በጥሪው ደብዳቤ ውስጥ “የእናንተን ድምፅ በዚህ አድራሻ ላኩልኝ” ብሎ ይጽፋል። መሣሪያው የሚያውቀው የግቢ አድራሻውን በመሆኑ የሚጽፈው ለምሳሌ 192.168.1.20 የሚለውን ነው። ራውተሩ ፖስታውን ቀይሮ ደብዳቤውን እንዳለ ያሳልፈዋል። ስቱዲዮው ደብዳቤውን ከፍቶ በታዘዘው መሠረት ድምፁን ወደ 192.168.1.20 ይልካል። ይህ አድራሻ ከዘጋቢው ግቢ ውጭ የማይታወቅ ስለሆነ ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል።

ውጤቱ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያዩት ነው። በመሣሪያው ገጽ ላይ “ተገናኝቷል” የሚል ይነበባል። ስቱዲዮው በቀጥታ የሚደረስበት የውጭ አድራሻ ካለው የዘጋቢው ድምፅ ይሰማል፤ ዘጋቢው ግን የስቱዲዮውን ድምፅ አይሰማም፤ “ጀምር” ሲባል አያውቅም፤ ጥያቄ ሲቀርብለት አይመልስም። ሁለቱም ወገኖች በእንዲህ ያለ ራውተር ጀርባ ከሆኑ ደግሞ ማንም ማንንም ላይሰማ ይችላል። የቀጥታ ስርጭት ሊጀመር ጥቂት ደቂቃዎች በቀሩበት ጊዜ በዘጋቢው እጅ ያለው ይኸው መመሪያ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው “መሣሪያዎ የአድራሻ ትርጉም በሚካሄድበት መረብ ውስጥ ከሆነ” የሚል ሐረግ ቢያነብ ምን ይረዳል? መተርጐም ማለት መልእክቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ “አድራሻው ከተተረጐመ በደብዳቤው ውስጥ ያለውም አብሮ ተተርጉሟል” ብሎ ቢያምን ያስኬደዋል። የችግሩ ምንጭ ግን በደብዳቤው ውስጥ ያለው አድራሻ አለመነካቱ ነው። ስያሜው ዘጋቢውን ችግሩ ካለበት ቦታ ያርቀዋል። ከዚህም የባሰው፣ ረቂቁ በመሣሪያው ገጽ ላይ የውጭ አድራሻ የሚሞላበትን ባዶ ቦታ “የአድራሻ ትርጉም” ብሎታል። በአማርኛ ትርጉም ፍቺ ማለትም ነውና፣ “የአድራሻ ትርጉም ይሙሉ” የተባለ ሰው የሰፈሩን ስም ጽፎ ቢገኝ የሚወቀሰው እሱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አንዳንድ ራውተሮች ደብዳቤውን ከፍተው በውስጡ ያለውንም አድራሻ ለማረም የሚሞክር ተጨማሪ ሥልት አላቸው። ትርጉም ለሚለው ስም ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። ይሁንና ሥልቱ ደብዳቤውን ሲያርም እያበላሸ ስላስቸገረ፣ የድምፅ መሣሪያ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ እንዲዘጋ ይመክራሉ።

4. ትርጉም፣ ልወጣ፣ ምንዛሪ፣ ቅየራ

የእንግሊዝኛው ቃል ሥርወ ቃሉ ላቲን ሲሆን መነሻ ሐሳቡ ከወዲህ ወደዚያ ማሳለፍ፣ ማሻገር ነው። ከዚህም የተነሣ በፊዚክስ የአንድን አካል ከቦታ ቦታ መዛወር፣ በስልክ ማዕከሎችም የተደወለን ቁጥር ወደ መስመር አመልካች መመለስን ለማመልከት አገልግሏል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ቃሉን የወሰዱት ከዚህ ሰፊ የትርጉም መስክ ነው። የአማርኛው ተረጐመ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ከግእዙ ተርጐመ ጋር አንድ የሆነው ይህ ግሥ በመጻሕፍት ትምህርት ቤት ከንባብ ቀጥሎ የሚመጣውን ትርጓሜን ወልዷል። ንባቡ እንዳለ ሆኖ ምሥጢሩ “አንድም” እየተባለ ይፈታል። በዘመናዊው አጠቃቀምም ቢሆን የሚተረጐም ነገር ሁሉ ሐሳብ ያለው ነው፤ ቋንቋው ይለወጣል እንጂ ሐሳቡ ይጠበቃል። 192.168.1.20 በሚለውና በእሱ ፈንታ በሚጻፈው የውጭ አድራሻ መካከል የሚጠበቅ ሐሳብ የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መዝገቡ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ካሉት በርካታ ፍቺዎች በአንዱ ከአማርኛው ቃል ጋር ስለተገጣጠመ በቀሩትም ይገጣጠማል ብሎ መውሰድ፣ ለተርጓሚ የታወቀ ወጥመድ ነው።

ነገሩን የሚያጠናክር ማስረጃ ከራሳቸው ከምሕንድስናው ሰነዶች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አር-ኤፍ-ሲ 2663 በተለይ ለዚሁ መስክ ቃላት የተዘጋጀ ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ ሥራውን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። መጀመሪያ የውስጡን አድራሻ ከውጩ ጋር ማሰር፣ ቀጥሎ መዝገቡን እያዩ መቀየር፣ በመጨረሻም እስሩን መፍታት ነው። የእንግሊዝኛው አጠቃላይ ስም የመካከለኛውን ደረጃ ብቻ አንሥቶ የሁሉ መጠሪያ አድርጎታል። አማርኛው ይህን ጉድለት ወርሶ በላዩ የራሱን አሻሚነት መጨመር አይገባውም።

ትርጉምን ከጣልን በምን እንተካዋለን? ሊቀርቡ የሚችሉትን አንድ በአንድ እንመልከት።

ውላጤ የሚለው ግእዛዊ ቃል ጥንታዊና ክቡር ነው። ነገር ግን በነገረ መለኮት ትምህርት የባሕርይ መለወጥን ለማመልከት የተወሰነ በመሆኑ እዚህ ሊገባ አይችልም፤ መሣሪያው ባሕርዩን አልለወጠም።

ልወጣ፣ ግሡ ለወጠ ከግእዙ ወለጠ የፊደል ቦታ በመለዋወጥ የተገኘ ዘመድ ሲሆን፣ በሳይንስ ትምህርት ለመለኪያዎች ሥራ ውሏል። ኪሎ ሜትርን ወደ ሜትር መለወጥ ልወጣ ነው። ልወጣ ግን ሕግ አለው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን አስልቶ ያገኘዋል። በእኛ ጉዳይ ስሌት እንደሌለ ከላይ ተገልጿል።

ምንዛሪም በዚሁ ምክንያት ይወድቃል። ምንዛሪ ተመን አለው፤ ከዚህም በላይ የገንዘቡ ባለቤት አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። የግቢው መሣሪያ ግን የውስጥ አድራሻውን ለማንም አልሰጠም፤ ራውተሩ ያደረገለትን እንኳ አያውቅም።

ምትክ ለነገሩ ይቀርባል። ሆኖም ከዚሁ ግሥ የወጣው ተኪ የሚለው ቃል በአንዳንድ ፕሮግራሞች የአማርኛ ቅጂ ውስጥ በሌላ መሣሪያ ስም ለሚጠይቅ አማላጅ ኮምፒዩተር ተይዟል። በአንድ መስክ ውስጥ ለሁለት ጎረቤት ነገሮች ከአንድ ግሥ ስም ማውጣት አንባቢን ማደናገር ይሆናል።

የቀረው ቅየራ ነው። ቅያሪ ልብስ ስንል ለባሹ ያው ሆኖ የሚታይበት ልብስ ሌላ መሆኑን እንረዳለን። የምንፈልገውም ሐሳብ ይኸው ነው። ቅየራ ስሌትንም ሆነ ተመንን አያመለክትም፤ ምሥጢር ይጠበቃል የሚል ተስፋም አይሰጥም። ለቃላት አውጪ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ርባታው ነው። ለሥራው አድራሻ ቅየራ፣ ለሚሠራው መሣሪያ አድራሻ ቀያሪ፣ ለውጤቱ ቅያሪ አድራሻ፣ ለማስታወሻው የቅየራ መዝገብ ማለት ይቻላል። ረቂቁ ለእነዚህ አራት ነገሮች “ትርጉም”፣ “ተርጓሚ”፣ “የተተረጐመ” እና “የትርጉም ሠንጠረዥ” ብሏል። የመጨረሻውን ያነበበ ሰው የሚያስበው መዝገበ ቃላትን ነው። ቅየራ የዕለት ተዕለት ቃል በመሆኑ ክብደት ይጎድለዋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ መመሪያ የሚነበበው ለሥራ ስለሆነ ይህ እንደ ነውር የሚቆጠር አይመስለንም።

5. በምሕጻረ ቃሉ ላይ

ረቂቁ የእንግሊዝኛውን ምሕጻረ ቃል በፊደላችን ቃል አድርጎ “ናት” ብሎ ጽፎታል። በባለሙያዎች ንግግር ቃሉ እንዲሁ መጠራቱ አይካድም። በጽሑፍ ግን ናት የአማርኛ ነባር ግሥ ነው። “መሣሪያዋ ከናት ጀርባ ናት” ወይም “ችግሩ ናት ነው” የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች አንባቢን ያሰናክላሉ። አማርኛ ምሕጻረ ቃልን ከመደበኛ ቃል የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ የውጭ ምሕጻረ ቃል በድምፅ ሲገለበጥ ከነባር ቃል ጋር መጋጨት አለመጋጨቱ አስቀድሞ መታየት አለበት። እዚህ ላይ የምናቀርበው መፍትሔ ቀላል ነው። በጽሑፍ ሙሉው ስያሜ አድራሻ ቅየራ ይባል፤ ምሕጻረ ቃሉን ማስታወስ ካስፈለገ ፊደል በፊደል ኤን-ኤ-ቲ ተብሎ አንድ ጊዜ ይጠቀስ።

6. ማቋረጥ ወይስ ማሻገር?

የምዕራፉ ዋና ቁም ነገር ድምፁ አድራሻ ቀያሪው እያለ እንዴት ሊያልፍ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ረቂቁ ይህን “ናትን ማቋረጥ”፣ አገልግሎቱን የሚሰጠውንም ኮምፒዩተር “የናት ማቋረጫ አገልጋይ” ብሎታል። ማቋረጥ መንገድን ወይም ወንዝን ማለፍ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በድምፅ መገናኛ መሣሪያ ላይ ማቋረጥ የታወቀ ሌላ ፍቺ አለው፤ ጥሪን መዝጋት ነው። በአንድ መመሪያ ገጽ 5 ላይ “ጥሪን ለማቋረጥ ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ” ተብሎ፣ ገጽ 12 ላይ “ጥሪው እንዲሳካ ማቋረጫውን ያብሩ” ሲባል ምን ዓይነት አንባቢ ሊከተል ይችላል? ስያሜ ብቻውን ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚፈተነው ግን አብረውት በአንድ ገጽ ላይ በሚውሉት ቃላት መካከል ነው።

“ቀዳዳ መብሳት” የሚለውም የእንግሊዝኛ አነጋገር ግልባጭ አይመረጥም። አንባቢን ጥበቃውን የሚሰብር ሌብነት እንዲያስብ ያደርገዋል፤ የመረቡ ኃላፊም ፈቃድ ቢነሳ አይፈረድበትም። በእውነቱ የሚበሳ ነገር የለም። ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው ከውስጥ ወደ ውጭ መልእክት ስለሚልኩ በየመዝገብ ቤታቸው የወጪ ቁጥር ይከፈትላቸዋል፤ የሌላውም መልእክት በዚያ ቁጥር ይገባል።

ለዚህ ማሻገር የሚለው ቃል ይበቃል። ሰዋስዋችን ድርጊቱ ከአድራጊው ወደ ተቀባዩ የሚደርሰውን ግሥ ተሻጋሪ ብሎ ከሰየመው ቆይቷል። እዚህም የሚፈለገው ድምፁ ከላኪው ወደ ተቀባዩ እንዲደርስ ነው። ስለዚህ የድምፅ ማሻገሪያ፣ የማሻገሪያ አገልጋይ ቢባል ከጥሪ መዝጋት ጋር አይምታታም።

7. የሚተረጐመው ስያሜ ራሱ ሲናወጥ

ረቂቁ ስተን የተባለውን ፕሮቶኮል በቃል በቃል ፍቺው “ቀላል የዩ-ዲ-ፒ ማቋረጫ” ብሎ ሰይሞታል። ይህ ፍቺ ትክክል የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 ነው። በ2003 የወጣው አር-ኤፍ-ሲ 3489 ስተንን ለችግሩ ሙሉ መፍትሔ አድርጎ አቅርቦት ነበር፤ ዘዴው በሁሉም አድራሻ ቀያሪዎች ላይ እንደማይሠራ ስለታወቀ፣ በ2008 በአር-ኤፍ-ሲ 5389 ምሕጻረ ቃሉ ሳይለወጥ ዝርዝር ፍቺው ተለወጠ። “ቀላል” የሚለው ወጣ፤ “መገልገያዎች” የሚለው ገባ። በ2020 በአር-ኤፍ-ሲ 8489 ሲታደስም ይኸው ፍቺ ጸንቷል። የረቂቁ ስያሜ እንግዲህ ሰያሚዎቹ የተዉትን ተስፋ በአማርኛ ሕይወት ዘርቶበታል።

ስተን የሚሠራው አንድ ነገር ነው። የግቢው መሣሪያ በውጭ ያለውን አገልጋይ “እኔን በየትኛው አድራሻና ወደብ ታየኛለህ?” ብሎ ይጠይቃል፤ አገልጋዩም ያየውን ይነግረዋል። መሣሪያው በደብዳቤው ውስጥ የሚጽፈው ይህን ቅያሪ አድራሻ ይሆናል። ከ2008 ወዲህ መልሱ በተሸፈነ አኳኋን እንዲጻፍ መደረጉም የሚያስተምር ነው፤ አንዳንድ ራውተሮች በደብዳቤው ውስጥ አድራሻ የሚመስል ቁጥር ባዩ ቁጥር እየቀየሩ አስቸግረው ነበርና። ይህን ሥራ “የውጭ አድራሻ መጠየቂያ” ማለት ከማንኛውም የምሕጻረ ቃል ፍቺ የበለጠ ያስረዳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የአድራሻ ቀያሪዎች አመዳደብ ነው። ረቂቁ “ሙሉ ሾጣጣ”፣ “የተገደበ ሾጣጣ”፣ “በወደብ የተገደበ ሾጣጣ” እና “ተመጣጣኝ” ብሎ አራት ዓይነት ይዘረዝራል። እነዚህ የ2003ቱ ሰነድ ስያሜዎች ግልባጭ ናቸው። በ2007 የወጣው አር-ኤፍ-ሲ 4787 ግን እነዚህ ስሞች ማደናገራቸውንና የመሣሪያዎቹን እውነተኛ ጠባይ ለመግለጽ አለመብቃታቸውን ገልጾ ትቷቸዋል። በእነሱ ምትክ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አቀረበ። በመዝገብ ቤቱ ምሳሌ ብንገልጻቸው፣ መዝገብ ቤቱ ከአንድ ክፍል ለሚወጣ ደብዳቤ ተቀባዩ ማንም ቢሆን አንድ የወጪ ቁጥር ይሰጣል ወይስ ለየተቀባዩ ሌላ ቁጥር? የገቢ መልስ ሲመጣስ ቁጥሩን የጠቀሰ ሁሉ ይገባል ወይስ በፊት የተጻፈለት ብቻ? በአማርኛ የመጀመሪያውን በተቀባይ የማይለያይ ቅየራና በተቀባይ የሚለያይ ቅየራ፣ ሁለተኛውን ክፍት ማጣሪያና የተወሰነ ማጣሪያ ማለት ይቻላል። ከሾጣጣ ጋር የሚያታግል ነገር አይኖርም።

“ተመጣጣኝ” የሚለው የተለየ ትኩረት ይሻል። በአማርኛ ተመጣጣኝ መልካም ነገር ነው፤ ዋጋው ተመጣጣኝ እንላለን። በረቂቁ ግን ተመጣጣኝ የተባለው ለድምፅ ማሻገር ከሁሉ የሚያስቸግረው፣ ለየተቀባዩ ሌላ ቁጥር የሚሰጠው ዓይነት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ያው የእንግሊዝኛ ቅጽል እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው በአር-ኤፍ-ሲ 4961 ለሌላ ነገር ውሏል። ይኸውም መሣሪያው ድምፅ በሚልክበት ወደብ እንዲቀበልም የሚያደርገው አሠራር ነው፤ ይህ አሠራር ማሻገርን ያግዛል። ረቂቁ ለሁለቱም ተመጣጣኝ ብሏል። ስለዚህ አንድ ቃል አንድ ቦታ መሰናክል፣ ሌላ ቦታ መፍትሔ ሆነ። እንግሊዝኛው ይህን አሻሚነት ሊሸከም ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን አዲስ ስንሰይም የመለየት ዕድል እያለን የምንወርስበት ምክንያት የለም። የመጀመሪያው በተቀባይ የሚለያይ ቅየራ፣ ሁለተኛው በአንድ ወደብ መላክና መቀበል ቢባል ግልጽ ይሆናል።

ተርን የተባለው ፕሮቶኮል ቀጥተኛ መንገድ ሲጠፋ ድምፁን በመካከል ባለ አገልጋይ በኩል የሚያስተላልፍ ነው። ረቂቁ ስሙን እንደ እንግሊዝኛ ግሥ ቆጥሮ “መዞሪያ” ብሎታል፤ ምሕጻረ ቃል እንጂ ግሥ ስላልሆነ ይህ ከድምፅ መመሳሰል የመጣ ስሕተት ነው። የሥራው ስም ቅብብል ነው፤ ዱላ ቅብብልን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንገዶችን ሁሉ አሰባስቦ፣ እያጣመረ ፈትኖ የሚሠራውን የሚመርጠውን አይስን ደግነቱ ረቂቁ “በረዶ” አላለውም፤ ስሙን እንዳለ ይዞ ተፈታኞቹን መንገዶች “እጩ” ማለቱም የሚመሰገን ነው።

8. ስለ ሌሎች ስያሜዎች

ወደብ ለሚለው ስያሜ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ጥቅሉ የሚገባበትን ቁጥር ለማመልከት “በር” የቀረበ ነበር፤ ሆኖም ወደብ በፕሮግራሞች ውስጥ ስለተለመደ የተለመደውን ማፍረስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ኬላ ለመረብ ጥበቃ መዋሉ ከመልካም ስያሜዎቻችን አንዱ ነው፤ አላፊ አግዳሚ የሚጠየቅበትን ቦታ በአንድ ነባር ቃል ገልጾታልና።

“የሕዝብ አድራሻ” እና “የግል አድራሻ” ግን ሊታረሙ ይገባል። የግል ባለቤትነትን ያመለክታል፤ 192.168.1.20 የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በእልፍ አእላፍ ግቢዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ያገለግላል። የውስጥ አድራሻ እና የውጭ አድራሻ ቢባሉ ልዩነቱ በየትኛው የራውተር ወገን እንደሚታወቁ ብቻ መሆኑ ይታያል።

“በሕይወት ማቆያ” የተባለውም አልተሳካም። ነገሩ የቅየራ መዝገቡ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላክ ትንሽ መልእክት ነው። አር-ኤፍ-ሲ 4787 መዝገቡ በመደበኛው ሁኔታ ከ2 ደቂቃ በፊት እንዳይዘጋ ያዛል፤ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ቢቆይ ይመርጣል። በሥራ ላይ ግን ከዚህ ቀድመው የሚዘጉ ራውተሮች ስላሉ፣ አይስ በልማዱ መልእክቱን በየ15 ሰከንዱ ይልካል። የሚታደሰው የመዝገቡ ዕድሜ ስለሆነ መዝገብ ማደሻ የሚለው ስያሜ ዘጋቢው ሰከንዱን ለምን እንደሚሞላ ይነግረዋል።

9. “ለምን በእንግሊዝኛው አይቀርም?”

ይህ ጥያቄ በባለሙያዎች ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል፤ መልስም ይገባዋል። የመሣሪያውን ገጽ በእንግሊዝኛ ለሚያነብ የመረብ ባለሙያ ከላይ የተዘረዘሩት አዳዲስ ስያሜዎች ሁሉ ሸክም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የተጸውዖ ስምና የነገር ስም ይለዩ እንላለን። ሲፕ፣ ስተን፣ ተርን፣ አይስ የተባሉት የፕሮቶኮሎች መጠሪያ ስለሆኑ እንዳሉ ይያዙ፤ ባለሙያው በገጹ ላይ የሚፈልጋቸውም እነሱን ነው። ቅየራ፣ ማሻገር፣ ቅብብል፣ ማደሻ ግን ሥራዎች ናቸው። ሥራን በባዕድ ድምፅ ብቻ መጥራት ዘጋቢው ቁልፍን በልማድ እንዲጫን ያደርገዋል እንጂ ልማዱ ሲሰናከል የሚያስብበትን አያስታጥቀውም። መመሪያውም በአማርኛ የተጻፈው ባለሙያ በሌለበት ቦታ ብቻውን መሣሪያ ለሚተክለው ዘጋቢ መሆኑ አይረሳ።

10. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ክርክር የሚከተሉት ስያሜዎች ይወጣሉ።

በ“አድራሻ ትርጉም” ፈንታ አድራሻ ቅየራ፤ በ“ተርጓሚ” ፈንታ አድራሻ ቀያሪ፤ በ“ትርጉም ሠንጠረዥ” ፈንታ የቅየራ መዝገብ፤ በ“የተተረጐመ አድራሻ” ፈንታ ቅያሪ አድራሻ፤ በ“ማቋረጥ” ፈንታ ማሻገር፤ በ“መዞሪያ” ፈንታ ቅብብል፤ በ“በሕይወት ማቆያ” ፈንታ መዝገብ ማደሻ፤ በ“የሕዝብ” እና “የግል” ፈንታ የውጭና የውስጥ አድራሻ፤ በአራቱ “ሾጣጣ” እና “ተመጣጣኝ” ፈንታ በተቀባይ የማይለያይና የሚለያይ ቅየራ፣ ክፍትና የተወሰነ ማጣሪያ።

እነዚህ ስያሜዎች ከመጽደቃቸው በፊት በአንድ ቀላል ፈተና ቢያልፉ መልካም ነው። መመሪያውን ያላዘጋጀ፣ የእንግሊዝኛውንም ቅጂ ያላየ አንድ ዘጋቢ መሣሪያውንና ጽሑፉን ይዞ ከስቱዲዮ ውጭ ይቀመጥ። ባዶ ቦታዎቹን በትክክል ሞልቶ ከስቱዲዮው ጋር ከተነጋገረ ስያሜዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። “ተገናኝቷል” የሚለውን እያየ ድምፅ ካልሰማ ግን፣ በየትኛው ቃል ላይ እንደ ቆመ ጠይቆ ያንን ቃል መለወጥ የእኛ ፈንታ ነው።